ሚስት የለኝም ብሎ ቢምል ኖሮ

ባለፈው ሳምንት ሳቫና በሚሉት ሰፈር ካለው ከልጄ ቤት ወጥቼ ወደ ባስ ፌርማታ ስሄድ አንድ ሽታ አቆመኝ። ብርዱ አፍንጫ የሚቆርጥ ነበር። ከአንዱ ቤት ጎን ካለው የልብስ ማድረቂያ ቀዳዳ ነጭ እንፋሎት እየወጣ በረዶው ላይ ይበተናል። የሞቀ አንሶላ ሽታ ነው፤ በረኪና ያለበት። ባሱ መጥቶ ቆመ፤ ሹፌሩ በሩን ከፍቶ ጠበቀኝ። በእጄ "ሂድ" አልኩት። ሰው ቢያየኝ አሮጊቷ ምን ነካት ይላል። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። አንሶላ በሚታጠብበት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ነጭ የላስቲክ ጫማ አድርጌ፣ ፀጉሬን በመረብ ሸብቤ ቆሜ ነበር።

አርባ ዓመት አልፎታል። ሥራ የጠፋበትን ያን ዘመን እዚህ ሰው "ዳውንተርን" ይለዋል፤ ከዚያ በኋላም ተመላልሷል። እኔ ግን ዳውንተርን ሲባል የሚታየኝ ያ የመጀመሪያው ነው። የነዳጅ ዋጋ ወደቀ ሲሉ፣ እኔና ነዳጅ ምን አገናኘን ብዬ ነበር። በወሩ ባሌ ተኽለ ከሚበይድበት የነዳጅ ቧንቧ ግቢ ሌይኦፍ ሆነ፤ ከሥራ ቀነሱት። የምንኖረው ዶቨር የሚባል ሰፈር ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ያን ጊዜ ዛፎቹ ከአጥር አይበልጡም። ጥግ ላይ አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ሱቅ ነበረው፤ ዳቦ ከአንድ ዶላር በታች ይሸጣል፤ ለልጃችን ለሰናይት ሁልጊዜ አንዲት ቀይ ከረሜላ ይጨምርላታል። ተኽለ ከአሮጌ ልብስ መደብር የገዛው፣ አንገቱ የበግ ፀጉር የሆነ ቡናማ ካፖርት ነበረው፤ ለብሶት ሲወጣ "ዛሬ ደግሞ ሚኒስትር ሆንክ" እለዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከካርቱም ይዘናት የመጣናትን ካሴት ይከፍታል። ካሴቷ ከመደጋገሟ ብዛት አንድ ቦታ ላይ ትጎተታለች፤ እሱም አብሯት ድምፁን ይጎትታል፤ ሰናይት ትስቃለች። ሌይኦፍ ከሆነ በኋላ ካሴቷን መክፈት ተወ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

መንገዱ ሁሉ "ለሽያጭ" የሚል ሰሌዳ ሆነ። በእኛ መስመር ብቻ አምስት ቤት ባዶ ቀረ። ሰዎች የቤታቸውን ቁልፍ ፖስታ ውስጥ ከተው ለባንኩ ይልኩና ወደ ምሥራቅ ይነዱ ነበር። ከሥራ ስመለስ በየመስኮቱ መጋረጃ አለ ወይስ የለም እያልኩ አያለሁ። የኛን ከሩቅ ሳይ "ተመስገን" እላለሁ። የራሴን መጋረጃ፣ ጠዋት ራሴ የከፈትኩትን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የቤቱ ወረቀት ላይ ስሜ አልነበረም። ማንም አልነፈገኝም። ቤቱን ስንገዛ አራስ ነበርኩ። በእኛ ሥርዓት ሴት ልጅ የወለደች ሰማንያ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሳትሄድ ትቆያለች። ያን ጊዜ በዚህ ከተማ ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም፤ ካህን ከሩቅ ሲመጣ በሰው ሳሎን እንሰበሰብ ነበር። እኔ ግን ሥርዓቱን በአገሬ እንዳለሁ ጠበቅኩ፤ ከደጃፍ አልወጣሁም። የፊርማው ቀን በዚያ መካከል ዋለ። ተኽለ ቡናማ ካፖርቱን ለብሶ ብቻውን ሄደ፤ ተመልሶም ቁልፉን ትራሴ ላይ አስቀመጠልኝ። "ስሜስ?" አላልኩትም። እሱም አላነሳውም። ደስ ብሎን ነበር።

ያልጠየቅኩት ባለማወቅ ነው እንዳልል አውቅ ነበር። ያሳደገችኝ አያቴ ምሕረት ናት፤ አስመራ። አያቴ ከጣልያኖቹ ለአንዱ፣ ለአንድ መካኒክ፣ ሸሚዝ ስታጥብና ስትተኩስ ቆይታ አብራው መኖር ጀመረች። እናቴን ከእሱ ወለደች። ሸሚዝ በስታርች አድርቆ መተኮስ ትችልበት ስለነበር የሌሎችም ጣልያኖች ሸሚዝ ወደ እሷ ይመጣ ነበር። ከዚያ ባገኘችው ድንጋይ አስፈለጠች፤ ግንበኛ ቀጠረች፤ ሁለት ክፍል ቤት በጥሩው ሰፈር አሠራች። በዚያ ሰፈር ለአገሬው ሰው ቦታ አይሰጥም፤ ለአገሬው ሴት ደግሞ ማንም አስቦትም አያውቅ። ስለዚህ ፈቃዱ በእሱ ስም ወጣ። አገር ቤት እንዳትሄድ፣ የአባቷ መሬት የወንድሞቿ ነው፤ "ሴት መሬቷ ባሏ ዘንድ ነው" አሏት። ከተማው ጥቁር ነሽ አላት፤ መንደሩ ሴት ነሽ አላት። የቀራት የእሱ ቃል ነበር።

ከዚያ ነጭ ከጥቁር ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር የሚከለክል ሕግ መጣ። ሰውየው ፈራ። ፖሊስ መጥቶ "ይቺ ማን ናት?" ብሎ ሲጠይቀው "ሠራተኛዬ ናት" አለ። እንደዚያው ተጻፈ። አያቴ ቆማ ትሰማ ነበር፤ የመስኮቱን መጋረጃ እየተኮሰች። በሳምንቱ እናቴን በእጇ ይዛ ወጣች። ቤቱን ለሌላ ጣልያን ሸጦ አገሩ ገባ። እኔ ልጅ ሆኜ ከእሷ ጋር ገበያ ስንሄድ በዚያ ቤት በኩል እናልፋለን። በመንገዱ በወዲያኛው ጠርዝ ነበር የምታሳልፈኝ። አንድ ቀን ብቻ ቆማ አየችው። "መስኮቱን ቡናማ ቀቡት። አረንጓዴ ነበር ያልኩት" አለች።

ወደ ዶቨር ልመለስ። አንድ እሑድ አንድ ሰውዬ ቤታችን መጣ። ያን ጊዜ ቤት በአንድ ዶላር የሚገዙ ሰዎች ነበሩ፤ እሱም አንዱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሞርጌጅህን፣ የቤቱን የባንክ ዕዳ፣ እኔ እረከብልሃለሁ ይልሃል፤ ለወጉ ያህል አንዲት ዶላር ይሰጥሃል፤ አንተ ቤቱን ለቀህ ትሄዳለህ። የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ከነጫማው ምንጣፋችን ላይ ወጣ። ሻይ አቀረብኩለት፤ አልነካውም።

"ቶሮንቶ ሥራ አለ ይላሉ" አለው ተኽለን። "እዚህ ቁጭ ብለህ ባንኩ እስኪወስደው ትጠብቃለህ?"

ተኽለ ቶሮንቶ የአጎቱ ልጅ ነበረው። በየሳምንቱ ይደውልለታል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ባሌ ሰነፍም ክፉም አልነበረም። የቆመን ሰው የሚያስቀናው ሌላው ሲራመድ ማየት ነው።

ሰውየው ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ቀና ብሎ አየኝ። "ሚስትህ ናት?"

"ናት።"

"ስማችሁ አይመሳሰልም እኮ። አንተ ሌላ፣ እሷ ሌላ።"

"በእኛ አገር ሴት የአባቷን ስም ይዛ ነው የምትኖረው" አለው ተኽለ።

ሰውየው ሳቀ። "ታዲያ በወረቀት ሚስት የለህም ማለት ነዋ! ጥሩ፤ ነገሩን ያቀልልናል።"

ተኽለም አብሮት ፈገግ አለ፤ እንግዳን ለማክበር ያህል። እኔ የሻይውን ብርጭቆ አነሳሁ። ምኑን እንደሚያቀልላቸው አልገባኝም ነበር። ሐሙስ ለመፈራረም ተቀጣጠሩ።

በምሠራበት የአንሶላ ማጠቢያ ቤት ከእኔ ጋር አንሶላ የምታጥፈው ሮዝ ነበረች። ሮዝ የዚህ አገር ነባር ሕዝብ ናት፤ ከከተማው በስተ ምዕራብ ለእነሱ በተከለለው፣ ሪዘርቭ በሚሉት መሬት ተወልዳ ያደገች። ትልልቁን አንሶላ ማሽን አያጥፈውም፤ ለሁለት ነው። እሷ ሁለት ጫፍ ትይዛለች፣ እኔ ሁለት ጫፍ፤ እንወጥረዋለን፤ ከዚያ እንቀራረባለን፤ ጫፏን ለእኔ ትሰጥና ታጥፋለች። ስንራራቅ የማሽኑ ጩኸት አያሰማም። ስንቀራረብ ብቻ ነው የምንነጋገረው። የሮዝን ሕይወት ሁሉ የሰማሁት በአንሶላ ቁመት እየተቆራረጠ ነው።

ሰኞ ጠዋት እንዳየችኝ "ዛሬ ፊትሽ ከአንሶላው ነጥቷል" አለች። "አንቺ ለመንጣት ስንት መጨነቅ አለብሽ!"

ነገርኳት። ባልና ቤት፣ አንድ ዶላር፣ ሐሙስ።

ተራራቅን፤ ተመለስን።

"እኔ ነጭ አገባሁ" አለች። "የሪዘርቭ ሰዎች ምን አሉኝ? ከእንግዲህ ከእኛ አይደለሽም። የመንግሥት ሕግ ነው፤ ስምሽ ከሕዝባችን መዝገብ ተሰርዟል። የእናቴን ቤት ከለከሉኝ።"

ተራራቅን።

"ወንድሜም ነጭ አገባ። የእሷ ስም መዝገብ ገባ!"

"የማን? የነጯ?"

"የነጯ። በእናቴ ቤት አሁን የምትኖረው እሷ ናት። የገና በዓል ሲመጣ ኬክ ትልክልኛለች።"

አንሶላው ከእጄ አመለጠ። ሮዝ እየሳቀች አነሳችው። ቀጥላ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ባሏ ከተማ ውስጥ ያለውን ቤታቸውን ሊሸጥ ሲል አንድ ቢሮ ጠሯት። ቤቱ በእሱ ስም ነው፤ ግን በዚህ ክፍለ ሀገር ሕግ ሚስት ካልፈቀደች ባል የሚኖሩበትን ቤት አይሸጥም። ባሏን ከክፍሉ አስወጥተው፣ እሷን ለብቻዋ "ወደሽ ነው?" ብለው ጠየቋት።

"በተወለድኩበት መሬት ማንም ያልጠየቀኝን፣ በእሱ ቤት ጠየቁኝ።"

"ምን አልሽ?"

"እሺ አልኩ። ጅል ነበርኩ።" ጫፉን ሰጠችኝ። "አንቺንም መጠየቅ አለባቸው። ባልሽ ሚስት የለኝም ብሎ ካልማለ በቀር።"

ያን ጊዜ የሰውየው ሳቅ ገባኝ።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ የነበረውን እንዴት ልናገር። ተኽለን አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ይመልስልኝ ነበር፤ መልሱን ነው የፈራሁት። ምግብ አቀርባለሁ፤ ይበላል። "ጨው በዛ?" እለዋለሁ። "የለም፤ ደህና ነው" ይለኛል። የነቢያት ጾም ነበር። እሱ አንድ ክምር ወረቀት ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሳሎን ይቀመጣል፤ እኔ ኩሽና ሆኜ እቃ እያጠብኩ ከጀርባው አየዋለሁ። በካርቱም ቄስ ፊት ቆመን ነው የተጋባነው፤ ምስክሮቻችን ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ የት እንዳለ አይታወቅም። ማን መጥቶ "ሚስቱ ናት" ይላል? እመብርሃንን ለመንኳት። ቤቱን አድኚልኝ አላልኳትም። አፉን ጠብቂልኝ ነው ያልኳት።

ረቡዕ ማታ ራት ላይ "ለተ" አለኝ። ስሜ ለተብርሃን ነው፤ ለተ የሚለኝ ሲጨንቀው ነው።

"አቤት፣ የሰናይት አባት።"

"ቶሮንቶ ጥሩ ነው ይላሉ።"

"እግዚአብሔር ያለው ይሆናል" አልኩት። ሌላ ነገር ማለት ነበረብኝ።

ሐሙስ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው ሁሉ ውኃ ሆነ። ተኽለ ሱፉን ለብሶ ወጣ። እኔ ሰናይትን ጎረቤት አስቀምጬ ሺፍቴን ገባሁ። ሮዝ ያን ቀን አልቀለደችም። በተቀራረብን ቁጥር ፊቴን አይታ ጫፉን ትሰጠኛለች። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ሱፐርቫይዘሩ ትከሻዬን ነካኝ። "ባልሽ በር ላይ ነው።"

የሞተ ሰው ያለ መሰለኝ። ሮጥኩ። ተኽለ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ በር ላይ ቆሟል። ጫማው በጭቃ ውኃ ርሷል።

"ነይ፤ ይጠሩሻል" አለኝ።

ፒክአፓችን ውስጥ ገባን። ሞተሩን አስነስቶ መልሶ አጠፋው።

"ሰውየው ወረቀት ሰጠኝ። 'ያላገባሁ ነኝ' ይላል። መጽሐፍ ቅዱስ አቀረቡልኝ። እጅህን ጫንበትና ማል አለችኝ የምታፈራርመን ሴትዮ።"

"እሺ?"

"ሰውየው አጠገቤ ነው፤ ቶሎ በል ይለኛል፤ አንድ ደቂቃ ነው ይለኛል። እጄን ዘረጋሁ።"

መሪው ላይ ያለውን እጁን አየሁት።

"ሰማንያ ቀን አጥሚት ያማሰልኩላትን ሴት እንዴት ብዬ የለችም ልበል? እጄ ላይ እኮ ጠባሳው አለ!" እጁን አሳየኝ፤ አጥሚቱ ገንፍሎ ያቃጠለውን። "ሚስት አለችኝ አልኳት። ሴትዮዋ ወረቀቱን ቀደደችው። ሰውየው ተሳደበ። ሄደህ አምጣት አለችኝ።"

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ በሆዴ። ግን ገና ነበር። ባሌ ቤቱን መሸጥ ይፈልጋል፤ የሚቀረው የእኔ እሺታ ብቻ ነበር። መንገዱን ሙሉ "እሺ በዪ" አላለኝም። "እምቢ በዪ"ም አላለኝም። ይህ ከሁሉ የከፋ ነበር።

የቢሮው ሴትዮ ሸበቶ ናት፤ መነጽሯ በሰንሰለት አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ተኽለንም ሰውየውንም ወደ ኮሪደር አስወጥታ በሩን ዘጋች። እኔ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ነኝ፤ የፀጉር መረቤን እንኳ አላወለቅኩም። እጄ ከውኃው ብዛት ተሸብሽቧል። ጠረጴዛው ሥር ደበቅኩት።

ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ ደጋግማ ነገረችኝ። ባልሽ ቤቱን ሊሸጥ ነው። በቤቱ ውስጥ መብት አለሽ። ያስገደደሽ አለ? ፈርተሽ ነው? ትስማሚያለሽ?

"እምቢ ካልኩ ምን ይሆናል?" አልኳት።

"አይሸጥም።"

"እሱ ላይ ምን ይደርሳል?"

"ምንም። አይሸጥም፤ በቃ።"

ከበሩ ወዲያ የተኽለ ሳል ይሰማኛል። ከጭንቀት የመጣ ሳል ነው፤ አውቀዋለሁ። እሺ ብል ነገ እፎይ ይላል። እምቢ ብል ክረምቱን ምን እንደምንበላ አላውቅም። ባንኩ ቢወስደው ደግሞ ጥፋቱ የኔ ይሆናል፤ ዕድሜ ልኬን። ሴትዮዋ አላቻኮለችኝም። በሕይወቴ ያን ያህል የጠበቀኝ ሰው አላስታውስም።

"አልስማማም" አልኳት።

ብዕሯን ከደነች።

ኮሪደሩ ላይ ሰውየው ፊቱ ቀልቷል። "በእናንተ አገር ሚስት ናት የምታዝዘው?" አለው ተኽለን።

ተኽለ እኔን አላየኝም። ባርኔጣውን አጠለቀ። "ጫማህን ሳታወልቅ ቤታችን የገባህ ዕለት ነበር በሩን ማሳየት የነበረብኝ" አለው።

ቤት ስንደርስ ግን ኩሽና ገብቶ ቁጭ አለ።

"አሁን ምን እንበላለን?"

"እግዚአብሔር ያውቃል።"

"እሱ ማወቁን አውቃለሁ። እኔ ነኝ የማላውቀው።"

ያን ክረምት ላይኛውን ቤት አከራይተን ቤዝመንት ገባን። የሰው እግር በራሳችን ላይ ሲሄድ እንሰማለን። ሰናይት "እማ፣ ቤታችን ላይ ማን አለ?" ትለኛለች። ተኽለ ሲያገኝ ኤርፖርት ያጸዳል፤ ሳያገኝ የሰው ደጅ በረዶ ይዝቃል። ከባንኩ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ፖስታውን እሱ እንዲከፍተው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና ወደ ጓዳ እገባለሁ። ስድብ አልሰማሁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከበረዶ ገብቶ ጓንቱን ሲያወልቅ፣ "ቶሮንቶ ዛሬ ፀሐይ ነው አሉ" አለኝ። ጓንቱን ተቀብዬ ማሞቂያው ላይ አደረግኩት። ከዓመታት በኋላ በአንድ ዶላር ሸጠው የሄዱ ሰዎች፣ ሰውየው ኪራዩን እየበላ ሞርጌጁን ሳይከፍል ቀርቶ ደብዳቤው በስማቸው ሲከተላቸው እንደ ነበር ሰማን። ያን ቀን ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። እኔም አላውቅም ነበር። አያቴን ብቻ ነበር የማውቀው።

በጋ ሲገባ ሥራ አገኘ። የመጀመሪያ ደመወዙን በተቀበለበት ሳምንት ዕረፍት ጠየቀና ያቺው ሴትዮ ቢሮ ወሰደኝ። ለምን እንደሄድን አልነገረኝም። ስሜን ከስሙ ቀጥሎ አስጻፈው። "ለምን?" አልኩት ስንወጣ። "ያ ወረቀት ሁለተኛ እንዳይቀርብልኝ" አለኝ።

ሮዝ ያን ዓመት ሌላ ከተማ ሄደች። በኋላ ሕጉ ተለውጦ እንደ እሷ የተሰረዙት ስማቸው ተመለሰ ሲባል ሰማሁ። የእሷ ይመለስ አይመለስ አላውቅም። በጸሎቴ አነሳታለሁ።

ተኽለ ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ዕዳ ሳይተው፣ በገዛ አልጋው ላይ አረፈ፤ ተመስገን። ሰናይት በየጊዜው ትመጣለች።

"እማ፣ የቤቱን ታይትል ቼንጅ ማድረግ አለብሽ እኮ። ፎርሙን ፕሪንት አድርጌልሻለሁ። አንቺ ሳይን ብቻ።"

"ምን ይላል?"

"ዩ ኖው፣ የአባዬ ስም ይወጣል፤ አንቺ ብቻሽን ትሆኛለሽ። ኢዚ ነው።"

"እሺ" እላታለሁ።

ፎርሙ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ባለፈው እሑድ ብዕር እጄ ላይ አስጨበጠችኝ። መነጽሬን አጣሁት አልኳት። ብዙ ፈለገችው፤ ሶፋውን ሁሉ አነሳች። ከሄደች በኋላ ከቀሚሴ ኪስ አወጣሁት።